ከቡሎኑ ስር የነበረው ቢጫ ናስትሮ

አሁን የምጽፈውን ነገር እናቴ አታውቀውም። ወንድሜም አያውቀውም። እዚህ ዩኒቨርሲቲ አብረውኝ የሚያድሩት ልጆች ሌላውን ሚስጥሬን ሁሉ ቢያውቁም ይህን አያውቁም። የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከእኔ አፍ አልሰማውም።

እኛ ዘንድ ለሰው መናዘዝ የሚባል ነገር የለም። ተውበት በባሪያውና በአላህ መካከል ነው። ሆኖም የሰው ሐቅ ያለበት ሰው ባለሐቁን ፊት ለፊት «አፉ በለኝ»፣ ይቅር በለኝ፣ ሳይል ተውበቱ ጎዶሎ ነው እያሉ ቁርዓን ያስቀሩን ሸህ ይነግሩን ነበር። እኔ እስከ ዛሬ «አፉ በለኝ» አላልኩም። ከባለሐቁ ፊት ስቆም አንደበቴ እንዳይተሳሰር መጀመሪያ እዚህ ልለማመደው ብዬ ነው። አንባቢዬ ሆይ፣ ታገሠኝ።

ታላቅ ወንድሜ ሁሴን ይባላል። እኔ አያ ሁሴን ነው የምለው። መርሳ በሚገኘው ቤታችን አንድ ክፍል ውስጥ አብረን ነበር የምናድረው። ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ የቀኑን ወሬ ሁሉ ያወራልኛል፤ ስቄ ስቄ እናታችን ከጓዳ ሆና «አንተ ልጁን አስተኛው!» እስክትል ድረስ። በጦርነቱ ተዘግቶ የነበረው መንገድ እንደገና ከተከፈተ በኋላ ግን ከአጎታችን ጋር ተጋግዞ ሚኒባስ ገዛና ከመርሳ ወልድያ መጫን ጀመረ። ሱብሒ ሳይሰገድ ይወጣል፤ ሲመለስ እኔ ተኝቻለሁ። አንድ ክፍል ውስጥ እያደርን ተነፋፈቅን። ወይስ የናፈቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ? ይህን ጠይቄው አላውቅም።

ደሳለኝ የወንድሜ ጓደኛ ነው። ነበር ልበል እንጂ። ከአንደኛ ክፍል ጀምረው በአንድ ወንበር ነው የተማሩት። ለገና እነ ደሳለኝ ቤት ለእኛ ተብሎ በሙስሊም እጅ የሚታረድ ዶሮ አይጠፋም፤ በአረፋ ደግሞ እናቴ ለእሱ የሚሆነውን ለይታ ሳታስቀምጥ እንግዳ አታስተናግድም። መናኸሪያው ፊት ለፊት ባለች የቆርቆሮ ሱቁ ውስጥ የመኪና ቴፕና ድምፅ ማጉያ ይገጥም ነበር።

ለወንድሜ ሚኒባስ ዉፈር የገጠመለት እሱ ነው። ዉፈር ማለት ከኋላ ወንበር ስር የሚቀመጥ፣ ያን ሆድ የሚያንቀጠቅጥ ወፍራም ድምፅ የሚያወጣ ሣጥን ነው። ወንድሜ ጁምዓ ጁምዓ መንዙማ ይከፍታል፤ የመንዙማው ድቤ፣ ያ ከበሮው፣ ያለ ዉፈር አይሆንለትም። ከሰዓት ወደ ማታ ሲመለስ ደግሞ ትዝታ ነው። መጀመሪያ የተከፈተ ዕለት መናኸሪያው ላይ ማንጎ የሚሸጡት እትዬ ዘሀራ ሁለት እጃቸውን ቅርጫታቸው ላይ ጭነው «ሁሴንዬ፣ ይሄ ነገርህ ማንጎዬን ሳይሸጥ ጭማቂ አደረገብኝ እኮ!» ሲሉ የሳቀው ሰው ብዛት አሁንም ይታየኛል።

ብዙም ሳይቆይ ዉፈሩ አመል አወጣ። መኪናው ቆሞ ሲከፈት አንዳች እንከን የለውም። መንገድ ሲጀምር ግን መሃል መንገድ ላይ ካለችው ሲሪንቃ ሳይደርስ ድርግም ይላል። የፊቶቹ ድምፅ ማጉያዎች ይዘፍናሉ፣ ወፍራሙ ድምፅ ግን የለም። ወልድያ ደርሶ ሲቆም ምንም እንዳልተፈጠረ ይመለሳል። በዚህ ነገር ሁለቱ ጓደኛሞች በየቀኑ ይነታረኩ ነበር።

«ይኸው ይሰራል፤ ምን ላድርግልህ?» ይላል ደሳለኝ።

«ሲሄድ ነው የሚጠፋው እያልኩህ!»

«እንግዲያው ቆመህ ስማዋ!»

በመጨረሻ ደሳለኝ፣ እየሄደ የሚጠፋ ነገር የሚፈለገው እየሄደ ነው አለ። ወንድሜ መሪ ላይ ነው፤ ረዳቱ በር ላይ ነው፤ ደሳለኝ ሱቁን ጥሎ አይሄድም። ስለዚህ ከኋላ ተቀምጦ የሚያዳምጥ፣ ለዉፈሩ ኃይል የሚሰጠውን የአምፕሊፋየር መብራት የሚያይ፣ ሽቦውን የሚነካካ ጠንቃቃ ሰው ያስፈልጋል። እኔ ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ፤ የጠዋት ፈረቃ ስለምማር ከሰዓቱ ነፃ ነው።

«ጀማል አለ እኮ» አለ ወንድሜ።

ስሜን በዚያ አጠራር ከሰማሁት ቆይቼ ነበር። ደሳለኝ አንድ ካቻቢቴና አንድ ጥቅል ቢጫ ናስትሮ ሰጠኝ። ናስትሮ ሽቦ የሚጠቀለልበት ያ የሚጣበቀው ፕላስቲክ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚይዘው ጥቁሩን ነው። «ቢጫው መርሳ ውስጥ ካንተ በቀር ማንም እጅ የለም» አለኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ስምህ ጆሮው ነው።»

እነዚያን ከሰዓቶች ምን ብዬ ልንገርህ? የምሳ ሰዓት አልፎ ሙቀቱ ሳይበርድ እንነሳለን። ከመንገዱ ዳር የተደረደረው ፓፓያና ብርቱካን፣ በሲሪንቃ የምርምር እርሻዎች በመስመር የተዘሩ ማሽላዎች፣ ከዚያ ወዲያ ወደ ወልድያ ሲቃረቡ በመስኮት የሚገባው ነፋስ። ስንመለስ መኪናው ባዶ ከሆነ ወንድሜ ከዘፋኙ ቀድሞ ግጥሙን ይጨርስና በመስታወቱ ውስጥ ያየኛል፤ እኔ እስቃለሁ። የማታው ወሬያችን በቀን ተመለሰልኝ። አንድ ቀን የሐዘን ድንኳን አጠገብ ስንደርስ፣ ወንድሜ እንደ ደንቡ ድምፁን ሊቀንስ እጁን ሲዘረጋ ዉፈሩ ራሱ ቀድሞ ጠፋ። ለደሳለኝ ብንነግረው «አያችሁ፣ የገጠምኩት ጨዋ ዕቃ ነው፤ ለቅሶ ያውቃል» ብሎ አሳቀን።

ሁሉን ሞከርን። ፊውዙ ተቀየረ። ሙቀት ይሆናል ተብሎ አምፕሊፋየሩ ከምንጣፉ ስር ወጣ። ንዝረት ይሆናል ተብሎ ከሣጥኑ ስር ስፖንጅ ገባ። እኔም ከኋላ ሆኜ «አሁን ጠፋ! አሁን ቀይ በራ!» እያልኩ እጮሃለሁ።

አንድ ቀን ሲሪንቃ ልንደርስ ስንል ድምፁ ሲጠፋ እጄን ከወንበሩ ስር አስገባሁ። ማሳ የሚሉት፣ ከመኪናው ብረት ጋር በቡሎን የሚታሰር ሽቦ አለ። ጣቴን ቡሎኑ ላይ ሳሳርፍ ላልቶ ይዞራል። ጫን አልኩት፤ ድቤው ተመለሰ። ለቀቅኩት፤ ጠፋ። እንደገና ጫን አልኩት፤ ተመለሰ።

በቃ ይኸው ነበር። መንገዱ እያንቀጠቀጠ ቡሎኑን አላልቶታል፤ የማንም ጥፋት አልነበረም። «አያ፣ አገኘሁት!» ብል ኖሮ የምጽፈው ነገር አይኖርም ነበር።

አላልኩም። ለምን አላልኩም? ከተገኘ ነገ ከሰዓት እኔ ከዚህ መኪና ውስጥ ምን እሠራለሁ? ይህን አሰብኩ። አዎ፣ ልክ ይህንኑ አሰብኩ። ጣቴን አነሳሁና «ጠፋ፣ አያ!» ብዬ ጮህኩ።

ከዚያ የባሰውን ደግሞ ስማ። ደሳለኝ በሳምንቱ መጨረሻ ሁሉንም ቡሎን በእጁ አጠበቀ። ዉፈሩ ሲሪንቃን አልፎ ወልድያ ደረሰ፤ ሳይጠፋ ተመለሰ። ወንድሜ መሪውን እየደበደበ ዘፈነ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ አለቀስኩ ማለት ይቀረኛል። በማግስቱ መኪናው ደጃችን ቆሞ ሳለ ገባሁና ቡሎኑን ፈታሁት። ከቢጫው ናስትሮ ቆርጬ የማሳውን ሽቦ ጫፍ ከስሩ ከግማሽ በላይ ሸፈንኩት፤ ቡሎኑን መልሼ አጥብቄ አሰርኩት። ቆሞ በትንሹ ሲከፈት ይሰራል፤ መንገድ ላይ ሲንቀጠቀጥና ድምፁ ሲጨምር ቀዩ መብራት በርቶ ይዘጋል። ቡሎኑ ላልቶ ሳለ ዝም ያልኩት ልጅነት ነው እንበል። ናስትሮውን ያስገባሁት ግን እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ፣ አስቤ፣ ለካክቼ።

«ማሳውን አየኸው?» ይለኛል ደሳለኝ።

«አይቼዋለሁ፤ ቡሎኑ ጥብቅ ነው» እላለሁ።

ውሸት አይደለም እኮ፣ ቡሎኑ ጥብቅ ነው፣ እያልኩ ራሴን አባብል ነበር። ደሳለኝም ያምነኛል፤ ጠንቃቃ ልጅ ነኛ። ራሴ አይቼ ላረጋግጥ አላለም። ማሳውን ረስቶ ሌላ ሌላውን ሲፈልግ ሰነበተ።

በዚህ መሃል የወንድሜ ባልንጀራ ሠርግ ደረሰ። ወንድሜ ሚዜ ነው፤ ሙሽራዋን ግራና ከምትባለው ከተማ ሊያመጡ በእሱ መኪና ይሄዳሉ። መንዙማው እየተከፈተ ድቤው እየተመታ ሊገቡ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ናስትሮውን ላወጣው ወስኜ ነበር፤ ይህን እምልልሃለሁ። መኪናው አጠገብ ስደርስ ግን ወንድሜ «ዛሬ ቦታ የለም ጀማልዬ፣ አንተ ቅር» አለኝ። ዉፈሩን ቆሞ ሞከረው፤ ሠራ። እኔ የኋላው በር ላይ ቆሜያለሁ። እጄን ብዘረጋ፣ ቡሎኑን ፈትቼ ናስትሮውን ባወጣ፣ ምን ነበረበት? አኮረፍኩ። አኩርፌ በሩን ዘጋሁት።

የሆነውን የነገረኝ ረዳቱ ነው። ግራና መግቢያ ያለው ኮረኮንች ላይ ዉፈሩ ሞተ። የሙሽራዋ ቤት ደጃፍ ደርሰው ድምፁ እንደ ትንኝ ሲሆን፣ የሴት ወገን ዘፋኞች የወንድን ወገን መዝለፍ ወጉ ነውና ወዲያው ገጠሙላቸው፦

«የሙሽራው ሚዜ ከበሮ ጭኖ፣
ከደጃችን ሲደርስ ቀረ ተከድኖ!»

ሠርግ ላይ ስድብ አይያዝም፤ ተስቆ ያልቃል። ይህ ግን ግራና አልቀረም፤ መርሳ ገባ። መናኸሪያው ላይ ልጆች ሚኒባሱን ሲያዩ «ቀረ ተከድኖ!» ይላሉ። ወንድሜ በሦስተኛው ቀን ደሳለኝ ሱቅ ሄደ፤ እኔም ተከትዬው ነበርኩ።

«አዲስ ነው ብለህ አሮጌ ዕቃ ገጠምክልኝ» አለው።

«ሁሴን፣ ማንን ነው የምታናግረው?»

«ሌባን!»

እትዬ ዘሀራ «ኧረ ተው! ኧረ በነቢ!» እያሉ መሃል ገቡ። ሰው ተሰበሰበ። ደሳለኝ «መኪናውን አምጣው፣ ሰው ባለበት ልክፈተው» አለ። ወንድሜ «ሁለተኛ መኪናዬን እንዳትነካ» ብሎት ሄደ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ከእኛ ወገን ሸህ ይማም፣ ከእነ ደሳለኝ ወገን ጋሽ ካሳ፣ ከአሱር ሶላት በኋላ ግቢያችን ውስጥ። ደሳለኝ ተነስቶ እንዲህ አለ፦ «አባቶቼ፣ ነገሩ አጭር ነው። ወይ ማሳው ላልቷል፣ ወይ ዕቃዬ አይረባም። ማሳው ከላላ የመንገዱ ነው፤ ዕቃው ከሆነ የእኔ ነው። ጀማልን ጠይቁት፤ ይሄ ልጅ አይዋሽም።»

ሰማኸኝ? ምስክሬ ብሎ የጠራኝ እሱ ነው።

«ይማል» አለ ወንድሜ።

«ተው እንጂ አንተ!» አሉት ጋሽ ካሳ። «ተማሪ ልጅ በመሐላ አይያዝም፤ ቃሉ ይበቃናል።»

ሸህ ይማም ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አትፍራ። ቡሎኑ ላልቶ ነበር ወይስ ጥብቅ ነበር?»

«ጥብቅ ነበር፣ ሸሄ» አልኳቸው።

ያን ጊዜ የደሳለኝን ፊት አላየሁም፤ መሬት መሬት ነበር የማየው። ድምፁን ግን ሰማሁ። «እንግዲህ ዕቃው ነው ማለት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እኔንም አታለው አሮጌ ሰጥተውኝ ይሆናል። ለወንድምነታችን ስል ጥፋቱን ወስጄዋለሁ።» አፉ ተባባሉ፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ዕቃውን በእጁ ያውጣ ተብሎ ተወሰነ።

ሽማግሌዎቹ ከግቢው ሳይወጡ ደሳለኝ ከሚኒባሱ የኋላ ወንበር ስር ገባ። እኔ ካቻቢቴ አቀባይ ነኝ። ቡሎኑን ፈታው። ሽቦውን አነሳና ቀጥ አለ። ቢጫው ናስትሮ እዚያው ነበር። በጥፍሩ ላጠው፤ በሁለት ጣቱ መሃል አድርጎ ተመለከተው፤ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ጥቂት እርምጃ ወጣ ብሎ ለሸህ ይማም ቢያሳያቸው ስሙ በዚያች ደቂቃ ይመለስ ነበር። እሱ ግን ናስትሮውን አድቦልቡሎ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው።

«ጀማል፣ ትምህርትህን ያዝ» አለኝ። ከዚያ ዕቃውን አውጥቶ ሄደ።

ለምን ዝም አለ? ወንድሜ እንዳይሰብረኝ ነው? አፉ የተባባሉት እንዳይፈርስ ነው? ወይስ ራሴ እንድናገር ሲጠብቅ ነበር? አላውቅም። እኔ የማውቀው ሽማግሌ ያስታረቀውን ወሬ እንደማያስታርቀው ነው። «አሮጌውን አዲስ ብሎ ይገጥማል» ተባለና መኪና ወደ ሱቁ መምጣት ተወ። ዓመት ሳይሞላ የቆርቆሮ ሱቁን ዘግቶ መርሳን ለቀቀ። ለገና ዶሮ የሚያሳርድልን፣ በአረፋ ተለይቶ የሚቀመጥለት ሰው ጠፋ። ወንድሜ ዉፈር ዳግመኛ አላስገጠመም። እኔም ወደዚያ መኪና የኋላ ወንበር አልተመለስኩም። ያን ሁሉ ያደረግኩት ላለማጣት የፈለግኩትን ነገር ለማቆየት ነበር፤ መጀመሪያ ያጣሁት እሱን ነው።

ዘንድሮ ወልድያ ለትምህርት ስመጣ፣ በአንድ ቅዳሜ ከባጃጆች መቆሚያ አጠገብ አንድ ሰው ከባጃጅ ውስጥ ግማሽ አካሉን አስገብቶ ሽቦ ሲያያይዝ አየሁ። ላልፍ ስል ቀና አለ።

«ጆሮው! ኧረ ጆሮው መጣ!» ብሎ ዘሎ አቀፈኝ። ዩኒቨርሲቲ መግባቴን ስነግረው ለባጃጁ ባለቤት «ይሄ ልጅ የእኔ ረዳት ነበር እኮ» አለው። ከዚያም «ሁሴን እንዴት ነው? አሁንም ከዘፋኙ ቀድሞ ይጨርሳል?» ብሎ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጠበቀኝ። ቦታ ሰጠኝ፤ ጊዜ ሰጠኝ።

«ክፍል አለኝ፤ ረፍዶብኛል» አልኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። እሱም ቅዳሜ መሆኑን ያውቃል።

ባለፈው መርሳ ስሄድ የሸህ ይማምን ቀብር ደርሼ ነው የተመለስኩት። የዋሸኋቸውን አፈር አልብሼ መጣሁ። ማታ፣ በድሮው ክፍላችን፣ ወንድሜ ከስንት ጊዜ በኋላ በጨለማ ውስጥ ማውራት ጀመረ። «ታውቃለህ ጀማል» አለኝ፣ «የደሳለኝን ነገር ሆዴ አላመነውም ነበር። አንተ ጥብቅ ነው ባትል ኖሮ አላምንም ነበር።» እኔ የተኛሁ መሰልኩ።

አሁን ምን ልበል? ልጅ ነበርኩ ልበል? አሥረኛ ክፍል የሆነ ሰው ሽቦ መሸፈን ካወቀ እውነት መናገርም ያውቃል። ወንድሜን ስለምወድ ነው ልበል? ደሳለኝም ይወደው ነበር፤ እሱ ግን ስለ ወዳጁ ሲል የማያውቀውን ጥፋት ተሸከመ፤ እኔ ስለ ወዳጄ ስል ንጹሕ ሰው አሸከምኩ። ፍቅሬን ለጥፋቴ መሸፈኛ አላደርገውም።

ነገ ወንድሜ ወልድያ መናኸሪያ ሲደርስ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ቁጣውም ቢሆን በትሩም ቢሆን የእኔ ነው። ከዚያ፣ እሺ ካለኝ፣ ወደ ባጃጆቹ መቆሚያ ይዤው እሄዳለሁ፤ እሺ ካላለኝ ብቻዬን እሄዳለሁ። ቀጥሎ ጋሽ ካሳ ዘንድ እቀርባለሁ፤ ለሸህ ይማም የምለውን ደግሞ መቃብራቸው ላይ ቆሜ ለጌታቸው እላለሁ። አንባቢዬ፣ ከአንተ ይቅርታ አልለምንም፤ ሐቁ የአንተ አይደለም። ያን ቀን ግቢያችን ውስጥ የጀመርኩትንና ከግማሹ የዋጥኩትን ቃል ስጨርስ ግን ስማኝ፦

ቡሎኑ ጥብቅ ነበር፣ ሸሄ። ከስሩ ግን ናስትሮ ነበረበት፤ ያስገባሁትም እኔ ነኝ።